በጥንቸሏ ገብስ ላይ የተጣለ ግዝት

ስለዚያ ዘመን ረሃብ ብዙ ተጽፏል። ስለ ንጉሡ መውረድና ስለ አብዮቱም የጻፈው ጽፏል። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንዲት ነጭ ጥንቸል ነው። መሳቅ የሚያምረው ካለ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ፤ ኋላ ላይ አይመቸውም።

ስሜ ይመር ነው። በስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ንጉሡ ሊወርዱ ወራት ሲቀራቸው፣ መካነ ሰላም ዳር የግራዝማች ደምሴ ጭሰኛ ነበርኩ። ዝናቡ ከከዳን ሰነባብቷል። በሬዎቼ ተራ በተራ ወድቀው ቆዳቸው ብቻ ቀረኝ። የማርስበት ሲጠፋ ግራዝማች ግቢያቸውን እንድጠብቅ አደረጉኝ። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ አጥር ጥግ ያለችው ጎጆ ውስጥ ማደሬ እንደ ውለታ ተቆጥሮብኝ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። መጽሐፍ የያዘ ሰው የተናገረው ሁሉ ከመጽሐፉ የወጣ ይመስለኝ ነበር።

የራሴ የምለው ሚስቴ ዘነበችና ልጄ አለም ነበሩ። አለም ኮልታፋ፣ ወሬ የምታበዛ ልጅ ነበረች። ያን ሰሞን ግን ወሬዋ እየቀነሰ መጣ። ልጅ ሲርበው መጀመሪያ ያለቅሳል፤ ቀጥሎ ይለምናል፤ ከዚያ ዝም ይላል። መፍራት ዝም ሲል ነው።

የግራዝማች ሚስት እሜቴ ተዋበች ልጅ አልወለደችም። አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሟ ነጭ ጥንቸል በሽቦ ቤት አድርጎ ላከላትና ሙሽሪት ብላ ስም አወጣችላት። እንግዳ ሲመጣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ እየደባበሰቻት ትጫወታለች። አንቱታውን ትቼ እሷ እያልኩ የምጽፈው ባለማወቅ አይደለም። ለእሷም፣ ከእሷ ቀጥሎ ለሚመጣውም ሰው አንቱታዬን ከጨረስኩ ቆይቻለሁ።

እኛ አገር ጥንቸል አይበላም። ክርስቲያኑ እርኩስ ነው ይላል። ጎረቤቴ ሰይድ ደግሞ ሸሆቹ ይፈቀዳል ቢሉትም እንደማይሞክራት ይናገራል፤ ጆሮዋ የአህያ ስለሚመስለው ሥጋዋ ጉሮሮው ላይ የሚቆምበት ይመስለዋል። ስለዚህ እሜቴን የሙሽሪት ሥጋ አላሰጋትም። ያሰጋት ቀለቧ ነው።

ለፋሲካ ባልና ሚስት አዲስ አበባ ወንድሟ ዘንድ ሊያሳልፉ ተነሡ። እስከ ወረኢሉ በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ። ሰው በየመንገዱ ዳር እየወደቀ እነሱን ዕረፍት አማራቸው። የሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ መልስ እሜቴ ጠራችኝና ሙሽሪትን የምይዝበትን አሳየችኝ። ጠዋትና ማታ ከስልቻው አንድ እፍኝ ገብስ፣ ቀን ላይ ከጓሮ ጎመን። ገብሱ ድንጋይ እንዳይኖርበት ይለቀም። ውሃዋ ከጉድጓድ ተቀድቶ ይለወጥ። ፀሐይ ሲከር ከጥላ ትግባ። እኔም እሺ እሜቴ፣ እሺ እሜቴ እላለሁ። ይህን ሁሉ ስትዘረዝር አለም አጥሩን ተደግፋ ስልቻውን ታያለች።

ግራዝማች ለሰይድ ብንሰጠው ይሻል ነበር፣ እሱ ከብት ያውቃል አሉ። እሜቴ ፊቷን ወደ እኔ አድርጋ ለባሏ መለሰችላቸው።

"ሰይድ ታማኝ ነው፤ ግን እሱን ግዝት አይዘውም።"

ነገሩ ሳይገባኝ መምሬ ካሳ ከአዳራሹ ወጣ። የቤቱ ነፍስ አባት ነው፤ ምሳ ተጋብዞ ነበር። ጢሙን ጠረገና መስቀሉን ከጉያው አወጣ።

"ቅረብ ይመር" አለኝ።

ቀረብኩ።

"ይህ ገብስና ይህ ጎመን ለጥንቸሏ የተሰጠ ነው። አንተ ብትቀምሰው፣ ከእሷ ብታጎድለው፣ ለሌላ ብትሰጠው፣ ሲወሰድም አይተህ ዝም ብትል፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቼሃለሁ። የበላውም ያበላውም ውጉዝ ይሁን።"

ግዝትን በወሬ ብቻ የምታውቁ ወጣቶች ትኖራላችሁ። የገዘተህ ካህን ካልፈታህ ቁርባን የለህም፤ ስትሞትም ፍትሐት የለህም፤ እንደ ውሻ ተቀብረህ ነፍስህ መግቢያ ታጣለች። ያኔ ለእኔና ለዘነበች ከሞት የሚከፋ ነገር እሱ ነበር። ከሆሳዕና ማግስት ደግሞ ሕማማት ይገባል። በሕማማት ካህን መስቀል አያሳልምም፤ እግዚአብሔር ይፍታ አይልም፤ ሬሳ እንኳ ያለ ፍትሐት ነው የሚቀበር። መምሬ ካሳ ለማሰር ጊዜ ነበረው፤ የመፍቻው ጊዜ ግን በማግስቱ ተዘጋ። ይህን እሱ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

እሜቴ ሙሽሪትን ሳመቻት፤ በቅሎዋ ላይ ወጣችና ሄደች።

ሰኞ ገብሱን ለቅሜ አበላሁ። ቤት ስገባ አለም እጄን ይዛ አሸተተችው። አልላሰችውም። አሸተተችና መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። እናቷ ግዝቱን ነግራት ኖሯል። እኛ የምንበላው ወንዝ ዳር የቀረውን ሳማ እየቀቀልን ነው፤ እሱንም ሰው ተሻምቶ ጨርሶታል።

ማክሰኞ የአለም እግር አበጠ። በጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል። አባቶች ሆይ፣ እንዲህ ያለ እግር ዳስሳችሁ የማታውቁ ከሆነ ፈጣሪያችሁን አመስግኑ።

ሰይድ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። እሱም ከስቷል፤ ቀልዱ ግን አልከሳም።

"ሙሽሪት ዛሬ ጾመች ወይስ ገደፈች?" አለኝ።

"ገደፈች።"

"እናንተስ?"

 ድምፁን ዝቅ አደረገና እንዲህ መከረኝ፦ ጀርባህን ስጠኝ፤ እኔ ከስልቻው ልስረቅ፤ ቤቴ አስፈጭቼ ለልጅህ እንደ ራሴ እህል ላምጣላት። እኔን መምሬ አይገዝተኝም፤ የምጠየቀው ለአላህ ነው፤ እሱ ደግሞ በሕፃን አይጨክንም። እኔም "ሲወሰድም አይተህ ዝም ብትል" ተብዬ ተገዝቻለሁ አልኩት።

"አብሽር፣ አታይም እኮ። ጀርባህን ስጠኝ ነው ያልኩህ" አለ።

ልቤ እሺ ብሎ ነበር። ገብቼ ለዘነበች ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች። ግዝቱ በእህሉ ላይ ነው፤ በሰይድ ድስት ስላለፈ አይጠራም አለች። ሰይድ ይህን ሲሰማ አልተቆጣም። ቤቱ ሄዶ የኪስ ጥግ የማትሞላ የተቆላ ባቄላ አመጣልን፤ ለራሱ ልጆች የነበረች ናት። አለም አኝካ መዋጥ አቃታት።

ያን ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለሙሽሪት የዘገንኩትን እፍኝ ወደ ቤት ይዤ ገባሁ። ድስቱን ጣዪ አልኳት። ዘነበች እጄን መታችው። ገብሱ አመድ ላይ ተበተነ። ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመችው፤ በውሃ አጠበችው፤ እንባዋ እየወረደ ወደ ስልቻው መለሰችው።

"ሥጋዋን አድኜ ነፍሷን አልገድልም" አለችኝ።

እሷን አልረገምኩም። እንደተማረችው ነው የኖረችው። የረገምኩት ያስተማራትን ነው።

ረቡዕ ወደ ደብራችን ሄድኩ። መምሬ ካሳ ግብረ ሕማማት ሲያነብ ቆይቶ ከቅጥሩ ዛፍ ሥር አረፍ ብሏል። እግሩ ላይ ወደቅኩ።

"መምሬ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው። ግዝቱን ይፍቱልኝ።"

"ሕማማት መሆኑን ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ጌታ በታሰረበት ሳምንት ማንን ፍታ ትለኛለህ?"

"እኔን ያሰሩኝ እርስዎ ነዎት" አልኩት።

አፍህን ሰብስብ አለኝ። ዙሪያውን አየና ወደ እኔ ጎንበስ አለ። እሱም የሚኖረው በእሜቴ እጅ መሆኑን፣ ስትመለስ ገብሱን ብትጠይቀው መልስ እንደሌለው በሹክሹክታ ነገረኝ። ያን ጊዜ አፉን የያዘው ሕማማት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። እስከ ትንሣኤ ታገሥ፤ ዶሮ ሲጮህ ና፤ እፈታሃለሁ አለኝ። እስከዚያ አትደርስም አልኩት።

ጥምጥሙን አስተካክሎ ተነሣ።

"ባትደርስም አትዘን። በሕማማት የሞተች ነፍስ ዕድለኛ ናት" አለኝ።

ይህችን ቃል ሳልረሳ ነው የኖርኩት። የተናገራት በክፋት አልነበረም፤ እንደ ማጽናኛ ነው የሰጠኝ። እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው። የልጄን ሞት እንደ ስጦታ ጠቅልሎ እጄ ላይ ሊያኖርልኝ ፈለገ። እግሩ ላይ ወድቄ የሄድኩ ሰው ቂም ይዤ ተመለስኩ።

ሐሙስ አለም ዓይኗን ጨፈነች። ስንጠራት ቅንድቧ ይንቀሳቀሳል፤ ዓይኗ ግን አይገለጥም። ዘነበች ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ ታረጥባለች። እኔ በዚያን ሰዓት ምን አደርግ ነበር መሰላችሁ? ለሙሽሪት ጎመን እየቆረጥኩ ነበር። እያመሰኳች ታየኛለች። ጥንቸሏን ልግደላት ብዬ አንገቷን ያዝኩ። ልቧ ጣቴ ሥር ተርገበገበ። ከዚያ ለቀቅኳት። የገዘተችኝ ጥንቸሏ አይደለችም። እሷን ገድዬ የምበቀለው ማንን ነው? እንዲያውም በሕይወት ታስፈልገኛለች አልኩ። ምን እንደማደርግ ያወቅኩት እዚያው የሽቦው ቤት አጠገብ ቁጭ እንዳልኩ ነው።

ዓርብ፣ ስቅለት። ቀትር ካለፈ በኋላ ሙሽሪትን ከሽቦ ቤቷ አወጣሁና ጋቢዬ ውስጥ ከደረቴ ጋር አሰርኳት። የማታ ቀለቧን በከረጢት ያዝኩ። ሰይድ በር ላይ አገኘኝ። ጋቢዬ ሲንቀሳቀስ አየና ሙሽሪትን ወዴት ነው አለኝ። ልትሰግድ አልኩት። ሳይስቅ አብሮኝ መንገድ ጀመረ። እስከ ቅጥሩ በር እሄዳለሁ፤ ከደበደቡህ ሬሳህን የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል አለ።

የስቅለትን ማታ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሕዝቡ ሲሰግድ ይውልና በመጨረሻ ካህናቱ ፊት ይሰለፋል። እያንዳንዱ ኃጢአቱን ይናገራል፤ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ጠብ ጠብ ያደርገዋል፤ ስግደት ያዘዋል። ያን ዓመት ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ሰጋጁ ግን ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይቀር ነበር። ቅጥሩ ከየአገሩ ተሰዶ በመጣ ሰው ተሞልቷል። እኔ መምሬ ካሳ ፊት ያለውን ሰልፍ ያዝኩ። ፊቴ ያሉት ሰዎች እያለቁ ሄዱ። ሙሽሪት ጋቢዬ ውስጥ ትፈራገጣለች። ልመለስ ብዬ ነበር። አለምን አሰብኩና ቆምኩ።

ተራዬ ደረሰ።

"ኃጢአትህን ተናገር" አለኝ ዓይኑን ሳያነሣ።

ጋቢዬን ገለጥኩና ጥንቸሏን አውጥቼ ፊቱ ያዝኳት።

"ኃጢአቴ ይህችን መመገቤ ነው" አልኩት።

ከኋላዬ ያሉት ሴቶች አማተቡ። አንዱ ሽማግሌ እርኩስ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ብሎ ዱላውን አነሣ። መምሬ ካሳ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ሕዝቡ መልሼ ሁሉንም ተናገርኩ። ጥንቸሏ የማን እንደሆነች፣ ባለቤቶቿ ለዕረፍት መሄዳቸውን፣ ስልቻ ሙሉ ገብስ መኖሩን፣ ማን በምን ቃል እንደገዘተበት፣ ልጄ ዓይኗን መጨፈኗን፣ ረቡዕ ዛፍ ሥር የተባልኩትን። ሽማግሌው ዱላውን ዝቅ አደረገ።

"ይህ ሰው አእምሮው ተነክቷል፤ አውጡት" አለ መምሬ ካሳ።

የተንቀሳቀሰ የለም።

"አልተነካሁም። የምትበላበት ሰዓት ደርሶ ነው። ካሳለፍኩ ግዝትዎ ይይዘኛል" አልኩት።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሙሽሪትን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩና ገብሱን እጄ ላይ ዘረገፍኩላት። መጀመሪያ ፈራች፤ አፍንጫዋን አንቀሳቀሰች። ከዚያ ቆረጠም፣ ቆረጠም ማድረግ ጀመረች። ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም ብሎ ያን ድምፅ ሰማ። እህል ከቀመሰ የሰነበተ ሕዝብ ነው። የአንዱ ጉሮሮ ሲንቀሳቀስ፣ የሌላዋ ከንፈር ሲላወስ አያለሁ። እኔ ግን ሕዝቡን ሳይሆን መምሬ ካሳን ነበር የምመለከተው። እየበላች እንዲያያት ፈለግኩ። ዓይኑን ሲያሸሽ እጄን ወደ ዓይኑ አቀርብለታለሁ።

ጥቂት ገብስ ከእጄ ወደ መሬት ወደቀ። ከአቀስታ በኩል ተሰዳ የመጣች አንዲት ሴት ጎንበስ ብላ ለቀመችው። ሁላችንም ትበላዋለች ብለን ስናያት አልበላችውም። መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ መምሬ ካሳ ዘረጋችው።

"አባቴ፣ መሬት የወደቀችውም ግዝት አለባት?" አለችው።

መምሬ ካሳ የወይራውን ቅርንጫፍ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።  ሴትዮዋ እጇን አላጠፈችም። ልትቆጣም ልትሞግተውም አይደለም፤ የምሯን ፈቃድ እየጠየቀችው ነው።

"ይመልሱላት እንጂ መምሬ" አልኩት። "መጽሐፉ ምን ይላል?"

 በመጨረሻ ቅርንጫፉን መሬት ላይ ጣለና መስቀሉን አወጣ። በሕማማት መስቀል ሲወጣ ያየ ሰው ሁሉ ደነገጠ።

"ፈትቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታ" አለ። "ሥርዓቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ዕዳውም በእኔ ይሁን።"

ቃሉን ሳይጨርስ ሴትዮዋ ገብሱን አፏ ውስጥ አድርጋለች።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። ደግ ሰው ቢሆን እጁን ስሞ ይሮጥ ነበር። እኔ ግን ዘነበችን አውቃታለሁ፤ ከእኔ አፍ ብትሰማ አታምነኝም። ደግሞም አልጠገብኩም።

"ተነሥ" አልኩት። "ቤቴ መጥተህ ለሚስቴ ራስህ ትነግራታለህ።"

አንተ ማለቴን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። አልመለስኩትም። ጥንቸሏን አንሥቼ ክንዱ ላይ አስታቀፍኩት። ሊመልሳት እጁን ዘረጋ፤ እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ። ያንን መንገድ መምሬ ካሳ ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ነጭ ጥንቸል ታቅፎ፣ ሕዝቡን አስከትሎ ሄደ። ሰው ከየደጃፉ እየወጣ አየው። ሰይድ ከበሩ ላይ ተቀላቀለንና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ሙሽራው ራሱ እኮ ነው አለኝ። ሳቄ መጣ። ልጄ እየሞተች ሳቄ መጣ። ዛሬም ያን ሳቅ አላፍርበትም።

መምሬ ካሳ ጎጆዬ በር ላይ ቆሞ ግዝቱ መፈታቱን ተናገረ። ዘነበች አስደገመችው። ደገመላት። ከዚያ ዘልላ ወጥታ ወደ ስልቻው ሮጠች። የሰይድ ሚስት ወፍጮው ላይ ተንበረከከች። ቀጭን ሙቅ ሠሩ። እኔ አለምን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። ዘነበች በጣቷ አቀመሰቻት። በአፏ ጥግ ወርዶ ፈሰሰ። ጠርጋ እንደገና ሞከረች። እንደገና ፈሰሰ። ዘነበች ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት በጽሑፍ ማስቀመጥ አልችልም። እንደገና አቀመሰቻት። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ዋጠች።

መምሬ ካሳ አሁንም በሩ ላይ ጥንቸሏን ታቅፎ ቆሟል። ተቀመጥ አላልኩትም። ሂድም አላልኩትም። አለም ዳግም ስትውጥ ካየሁ በኋላ ነው ሙሽሪትን ተቀብዬው በሩን የዘጋሁበት። ለተከተለን ሰው ሁሉ ከስልቻው እፍኝ እፍኝ ዘገንኩ። ለሙሽሪትም ቀለቧን አስቀረሁላት፤ ጎመኗንም አልነፈግኳትም። እሜቴ ስትመለስ ሞተችብኝ የምትልበት ቀዳዳ እንዳታገኝ ነው። አለም ቅዳሜ ዓይኗን ገለጠች።

እሜቴ ከፋሲካ በኋላ ተመልሳ ጥንቸሏን ደህና አገኘቻት። ወሬውን ግን ከወረኢሉ መንገድ ላይ ሰምታው ነበር የመጣችው፤ ስሟ ከመምሬ ካሳ ስም ጋር በየገበያው ይነሣል። ሎሌዎቿ ገረፉኝ። የጎጆዬን በር ነቅለው ከግቢው አስወጡን። አለምን አዝዬ ወደ ዘነበች ዘመዶች፣ ወደ ወግዲ ሄድን። ስገረፍ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ ልጄ ቆማ እያየችኝ ነው፤ ቆማለች።

በዓመቱ መሬት ለአራሹ ሆነ። ግራዝማች ሸፍተው በረሃ ገቡ። እኔ ተመለስኩ። ገበሬው መሬት በገመድ ከሚለኩት ሰዎች አንዱ አድርጎ መረጠኝ። እሜቴ ተዋበች ድርሻዋን ልትቀበል መጣች። እንደ ለመደችው ሰልፉን አልፋ ፊት ለፊት ቆመች።

"ይመር፣ እኔን ነው የምታቆመኝ?" አለችኝ።

"አንቺን ነው። ከኋላ ተሰለፊ" አልኳት።

ፀሐይ ላይ ቆማ ዋለች። ተራዋ ሲደርስ በስፋት እንደ ሰው ሁሉ እኩል ለካሁላት፤ ቦታውን ግን ጭንጫ ላይ አደረግኩት። ሌሎቹም አይተው ገመዱን ጠቀለሉ። ይቆጨኝ እንደሆነ የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። አይቆጨኝም።

እንግዲህ ያ ሳምንት በእኔ ላይ ያመጣው ምንድን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ዘማች ተማሪዎች ሊያስተምሩን ሲመጡ ከጎልማሶቹ ቀድሜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አስተማሪዬ ምን ማንበብ እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ስለ ሶሻሊዝም ይለኛል ብሎ ሳይጠብቅ አልቀረም። ለጥንቸል ቀለብ ሲባል ሰው ይገዘት የሚለው የት እንደተጻፈ ማየት እፈልጋለሁ አልኩት። ጣቴ ከሞፈር ወደ እርሳስ ለመዞር አስቸገረኝ፤ ግን ዞረ። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ያን ቃል እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ያገኛችሁ ካላችሁ ገጹን ንገሩኝ። እናንተም የሚያስፈራችሁን ቃል የተናገረው ማን እንደሆነ፣ ከማን ቤት ምሳ በልቶ እንደወጣ ጠይቁ እላችኋለሁ። እኔ ባለመጠየቄ ልጄን ላጣ ነበር።

መምሬ ካሳ ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ኖረ። ሽማግሌ ልኮብኝ ያውቃል። ዕዳው በእኔ ይሁን ብሎ ሥርዓት ማፍረሱን አልክድበትም፤ ያን ቀን ለነፍሱ ፈርቶ ሳለ ነው የተናገረው። ግን እኔ ባላዋርደው ኖሮ አይናገረውም ነበር። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ጠላ አጠጥቼ ባዶ እጃቸውን መለስኳቸው። ሲሞትም ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። አሞኝ ነበር፣ ዝናብ ነበር ብዬ አላሳብብም፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩት።

አለም ግን ሄደች። ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ጾሟን አታጓድልም፤ ለመምሬ ካሳ ተዝካርም እህል ተሸክማ ሄዳለች። ስትመለስ አጠገቤ ተቀመጠች። አባዬ፣ የተራብኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ይቅር ካልኩት አንተ ስለ ምን ትይዝበታለህ አለችኝ። መልስ የለውም ብላ ይሆናል፤ ዝም ስላት ጉልበቴን መታ መታ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች።

መልስ ነበረኝ። ለእሷ ልናገረው አልፈለግኩም እንጂ። ይቅር ማለት ለእሷ ይቀላታል፤ ያን ጊዜ የእሷ ዓይን ተጨፍኖ ነበር። የእኔ ግን ተገልጦ ነበር።